ለእናቴ ብዬ የገጠምኩት ሪሞት

ገንዳ ውሃ ላይ፣ በሚያዝያ፣ ፀሐይ የዋለባትን መኪና በር የሚከፍት ሰው መጀመሪያ ወደ ኋላ ሸሸት ይላል። ወበቁ እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጎ ይቀመጥና መሪውን በጣቱ ጫፍ እየነካካ ያስነሳል። እኛ ለምደነዋል። እናቴ ግን ልቧ ከታመመ ወዲህ አልቻለችውም። ባለፈው ዓመት ለሐኪም ቀጠሮዋ ወደ ጎንደር ልወስዳት ጋቢና ውስጥ አስገብቼ ቀበቶ ሳላስርላት ዓይኗ ተገለበጠ። ውሃ ረጭተን፣ ተሸክመን ወደ ቤት መለስናት፤ ቀጠሮውም በዚያው አለፈ። ቆይተን ስንሄድ ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «መድኃኒቷን በየጊዜው እያየን ካላስተካከልን ይህ ልብ አይሸከማትም፤ ሁለተኛ ቀጠሮ እንዳታሳልፉ» አለኝ። ቀጥሎም «ከሙቀት ደግሞ ጠብቋት» ብሎ ጨመረበት። ከመተማ ቆላ የመጣን ሰዎች መሆናችንን የረሳ መሰለኝ።

እንግዲህ እናቴን ሳላቃጥል ጎንደር ማድረስ የኔ ጉዳይ ሆነ። መኪናስ አላጣንም ነበር። አባታችን ሲሞት የተወልን አንዲት የናፍጣ ፒካፕ አለች። በወረቀት የሁላችንም ናት፤ በተግባር ግን ታላቅ ወንድሜ ነው የሚይዛት፤ በገለጉ በኩል ያለውን የሰሊጥ እርሻ የሚያርሰው በእሷ እየተመላለሰ ነው። እኔ ቴክኒክና ሙያ ተቋም ውስጥ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። መኪናዋ የምትፈልገኝ ስትታመም ነው። ኤሲዋን ያስነሳሁት እኔ ነኝ፤ መብራቷን፣ ፊውዟን፣ የተቃጠለ ሽቦዋን ሁሉ የማውቀው እኔ ነኝ። ወንድሜ መንዳቱን ያውቃል፤ ሆድ ዕቃዋን የማውቀው እኔ ነኝ።

ኤሲው ቢሠራም ጋቢናው እስኪቀዘቅዝ ጊዜ ይፈልጋል። ታዲያ አንዱ ቀድሞ ወጥቶ ቢያስነሳትስ? ሞክረነዋል። እናቴን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው ይህ ይሠራል የሚለው። የሞተር ድምፅ ሰምታ ቁጭ የምትል ሴት አይደለችም። «ሰው አስቆምኩ፣ ናፍጣ አስጨረስኩ» ብላ ነጠላዋን እየጎተተች፣ በሽታዋን ረስታ፣ ከነሙቀቱ ዘው ትላለች። ቁልፍ ሰክቶ፣ ሞተር አስነስቶ፣ መኪና መንገድ ላይ ትቶ ወደ ቤት መመለስ ደግሞ በእኛ ከተማ «ኑ ውሰዷት» ማለት ነው። ስለዚህ መኪናዋ በሯ ተቆልፎ፣ ቁልፍ ሳይሰካባት፣ እናቴ ሳትሰማ መነሳት ነበረባት። ተማሪዎቼ በስልክ ያሳዩኝ የነበረው በሪሞት የሚያስነሳ ዕቃ ትዝ አለኝ።

ዕቃውን ያገኘሁት መተማ ዮሐንስ ነው፤ ከሱዳን በኩል በሚገባ ኮተት መካከል፣ ከስልክ ቻርጀርና ከመነጽር ጋር ተደባልቆ። ነጋዴው ጀለቢያውን ሰብሰብ አድርጎ ካርቶኑን ገልብጦ አሳየኝ፦ አንድ ጥቁር ሳጥን፣ የሽቦ እስር፣ ሁለት ሪሞት፣ አንድ ወረቀት። ወረቀቱ በዓረብኛና በቻይንኛ ነው። «ተማም?» አለኝ፤ ደህና ነው ወይ ማለቱ ነው። «ተማም» አልኩት። ሽቦ ዓረብኛም አማርኛም አያውቅም፤ ዋናው የትኛው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነው ብዬ ታጠቅሁ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ግቢያችን ውስጥ የኒም ዛፏ ጥላ ሥር አስቆምኩና ከመሪው በታች ያለውን ሽፋን ፈታሁት። ጀርባዬን ወለሉ ላይ፣ እግሬን ውጭ አድርጌ፣ በቴስተር አንድ በአንድ ያዝኩት፦ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት ይኸ፣ ቁልፉ ሲዞር የሚነቃው ይኸ፣ ሞተሪኖውን የሚያዞረው ይኸ፣ ለኤሲው ማራገቢያ የሚሄደው ይኸ። ወንድሜ ብርጭቆውን ይዞ በላዬ ቆሞ ያሾፍብኛል።

«ሰው ቁልፍ ማዞር አቅቶት ነው እንዲህ የሚለፋ?»

«ካቻቢቴውን አቀብለኝና ሂድ።»

«እኔ እኮ የምፈራው አንድ ቀን እኔ ገለጉ ሆኜ አንቺ እዚህ ተጭነሽ እንዳታስነሺብኝ ነው።»

ሁለታችንም ሳቅን። ወንድሜ ሲስቅ እወደዋለሁ። አባታችን ከሞተ ወዲህ እህል የሚያስገባው እሱ፣ እናታችንን የማስታምመው እኔ፤ ተከፋፍለን፣ ተደጋግፈን የቆምን ይመስለኝ ነበር።

እያንዳንዷን መጋጠሚያ በናስትሮ ጠቅልዬ፣ ሳጥኑን ከዳሽቦርዱ ሥር አስሬ፣ በኩራት በረንዳው ላይ ቆሜ ሪሞቱን ተጫንኩት። የሆነውን አሁንም ሳስበው ያስቀኛል። ቆላ ውስጥ መኪና የሚያቆም ሰው የእጅ ፍሬን አይስብም። የዋልካው ጭቃ ገመዱ ውስጥ ገብቶ ስለሚደርቅ ከአንድ ክረምት በኋላ ፍሬኑ አይይዝም፤ እናም ሁሉም ሰው ማርሽ አስገብቶ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሽቆ ይሄዳል። ወንድሜም ጠዋት ሲያቆማት እንደዚያው አድርጎ ነበር፤ እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝና አላየሁትም። ማርሽ ውስጥ ያለች መኪና በሪሞት ስትነሳ ምን እንደምትሆን ማንም መገመት ይችላል። ፒካፓችን ድንጋዩን ዘላ፣ ያለ ሾፌር፣ በቀጥታ ወደ ዚሩ፣ ወደ ውሃ ማቀዝቀዣው የሸክላ ጋን፣ ሄደች። ዚሩ ተሰበረ፤ ዶሮዎች ተበተኑ፤ እናቴ ከቤት ብቅ ብላ ጋቢናው ውስጥ ሰው ስታጣ አማተበች። «ማን ነው የነዳት?» አለች። ወንድሜ መሬት ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም፤ እናቴ ፊት ለፊት ቆማ ቢሆንስ ኖሮ? የእጅ ፍሬኑን ገመድ አውጥቼ፣ አጥቤ፣ ግራሶ ቀብቼ መለስኩት። ከዚያም አንድ ሽቦ ከፍሬኑ ማብሪያ ወደ ሳጥኑ ወሰድኩ፦ ፍሬኑ ካልተሳበ ሪሞቱ ቢጫኑት ቢጫኑት መኪናዋ አትነሳም። ወንድሜንም አስቀምጬ እንደ ተማሪ አስተማርኩት። ስታቆማት ከማርሽ ታወጣለህ፤ የእጅ ፍሬን ትስባለህ፤ ኤሲውን ክፍት ትተህ ትወርዳለህ። ድንጋዩንም ከፈለግህ ጨምርበት። «ኸላስ፣ ገብቶኛል» አለኝ። አንዱን ሪሞት ከቁልፉ ጋር አሰርኩለት፤ ሌላው የኔ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሄድንባቸውን ቀጠሮዎች መቼም አልረሳቸውም። እናቴ ቡናማ ጫማዋን ስታጠልቅ እኔ ኪሴ ውስጥ ሪሞቱን እጫናለሁ። መኪናዋ ስትነሳ ሪሞቱ ኪሴ ውስጥ ሁለቴ ጢጥ ጢጥ ይላል። መኪናዋ ከአጥር ውጭ ስለምትቆም እናቴ፣ ጆሮዋም ደከም ስላለ፣ የሞተሩን ድምፅ ከመንገዱ ድምፅ አትለየውም። ወሬ እያነሳሁ አቆያታለሁ። መነጽርሽስ? መድኃኒትሽስ? ስትወጣ ጋቢናው በርዶ ይጠብቃታል። መጀመሪያ ቀን ተቀምጣ እጇን ወደ አየሩ መውጫ ዘረጋችና «እንዴ፣ ደጋ ገባሁ እኮ» አለች። ደስ አለኝ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ሠርቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ሥራዬ ያኮራኝ ግን የለም።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ቀጠሮዋ ሲቃረብ ወንድሜ ከገለጉ ደወለ። ድምፁ የተሰበረ ነበር። መንገዱ ላይ ባሌስትራዋ ተሰብራበታለች፤ ዕቃው ከጎንደር እስኪመጣ መኪናዋ ከቆመችበት አትነቃነቅም። «ምን ላድርግ እህቴ፣ አምላክ ያውቃል፣ ለእማ ብዬ ልቤ እየደማ ነው» አለኝ። እኔው አጽናናሁት። በአውቶቡስ እወስዳታለሁ፣ አትጨነቅ አልኩት። ስልኩን ስዘጋ ግን ባዶ የውሃ ላስቲኮች መሰብሰብ ጀመርኩ፤ ያ አውቶቡስ እስኪሞላ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሰው እንደሚቀቅል አውቃለሁና። ቀጠሮ እናሳልፍ እንዳልል የሐኪሙ ቃል ጆሮዬ ላይ ነው።

የመሄጃችን ዋዜማ ወንድሜ ራሱ መጣ። በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ነው፣ እማን ሳልሸኝ ብቀር ኃጢአት ነው አለ። አቧራ ለብሷል። አሳዘነኝ። ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳሁለት፣ ሸሚዙን አጠብኩለት፣ ለእናቴ ስንቅ ብዬ ካስቀመጥኩት ምግብ አቀረብኩለት። እናቴ አጠገቡ ቁጭ ብላ «ደከመህ አይደል ሆዴ» ትለው ነበር። ባሌስትራው እንዴት እንደተሰበረ ጠየቅሁት፤ ጉድጓዱን፣ ድምፁን፣ ገፍተው እንዴት ከመንገድ እንዳወጧት በዝርዝር ነገረኝ። እናቴም «ተርፋችኋል፣ ተመስገን» አለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ያወቀው የሁለቱ ሆድ እንጂ የኔ አልነበረም።

በነጋታው አውቶቡሱ በጊዜ ይነሳል ስላሉ ማልደን ተዘጋጀን። ወንድሜ በሩ አጠገብ ሻይ ይጠጣል፤ ሻንጣችን እግሩ ሥር ነው። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቡናማ ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች። እኔ ጎንበስ ብዬ ማሰሪያውን ሳጠብቅላት እጄ ኪሴ ገባና ሪሞቱን ተጫነው። አስቤ አይደለም። ጫማዋ ሲጠልቅ የኔ ጣት ይሄዳል፤ ለምዶበታል።

ኪሴ ውስጥ ጢጥ ጢጥ አለ።

የተበላሸ መሰለኝ። ወዲያው ግን ከእኛ ሁለት ግቢ አለፍ ብሎ፣ ከሰሊጥ መጋዘኑ የቆርቆሮ አጥር ጀርባ፣ ሞተር ተነሳ። ያን ድምፅ ከሺህ መኪና መካከል እለየዋለሁ። መጀመሪያ ጎርነን ይላል፤ ቀጥሎ ኤሲው ሲገባበት ትንሽ ያቃስታል፤ ከዚያ ይረጋጋል። መጋዘኑ የወንድሜ ጓደኛ ነው፤ በዚህ ወቅት ባዶ ነው፤ በሩም ተዘግቶ ይውላል።

ወንድሜ ብርጭቆውን ከንፈሩ ጋ አድርሶ ቀረ። እናቴ ነጠላዋን ማስተካከሏን ሳታቋርጥ «አጥፊያት ልጄ፣ ናፍጣ አታስጨርሺ» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየኋት። «ምንድን ነው?» አላለችም። «የማን መኪና ነው?» አላለችም። ያ ደካማ ጆሮዋ እንኳ ያን ቀን ሰምቷል። አጥፊያት አለች።

«ገለጉ ናት አላልከኝም?» አልኩት ወንድሜን።

«ስሚኝማ...»

«ባሌስትራዋስ? ጉድጓዱስ?»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «የዘንድሮን መንገድ ታውቂዋለሽ። በፒካፕ የሚሄድ ሰው ገንዘብ ያለው ነው የሚመስል። አጋቾቹ ያስቆሙታል፤ መኪናውንም ሰውየውንም ነው የሚወስዱ። አውቶቡስ ግን ብዙ ሰው ነው፤ ያልፋል።»

«ይህን ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺን ማን ይረታሻል? እኔው ነድቼ እወስዳታለሁ ትይ ነበር።»

እውነቱን ነው፤ እል ነበር። ግን አውቶቡስም እያስቆሙ ሰው እንደሚያወርዱ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እንዲያ ከወረደ ሰው ቤት አብረን ሄደን ቤተሰቡን አጽናንተናል። ስለዚህ የቀረኝን አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት።

«የፈራኸው ለእኛ ነው ወይስ ለመኪናዋ?»

የመለሰችልኝ እናቴ ናት።

«አትጨቅጭቂው። ደብቃት ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ከሄደች በምን ያርሳል? ልጆቹን በምን ያበላል? እኔ እንደሆንኩ አሮጊት ነኝ፤ አሮጊት ማን ይወስዳል?»

አሮጊት ማን ይወስዳል አለች። እኔ ግን አሮጊት አይደለሁም። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። ቁጭ ብለው ሲመክሩ፣ መኪናዋ ትወሰዳለች፣ እርሻው ይቀራል፣ ልጆቹ ይራባሉ ሲባባሉ፣ «እሷስ ብትወሰድ?» ያለ ሰው አልነበረም። ወይም አንዱ ብሎ ሌላው መልሶለታል። የትኛው እንደሚብስ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ እኔን የጣሉኝ ግን ፈረስ አይደሉም፣ አንድ ማዕድ አብሬያቸው የምቆርስ እናትና ወንድም ናቸው።

እኔን የሚያውቅ ሁሉ እሳት ነሽ ይለኛል። ያን ቀን ግን አንዲት የቁጣ ቃል አልወጣኝም። ሞተሩ ከአጥር ወዲያ ይሠራል፤ እኔ እሰማዋለሁ። መኪናዋ የተነሳችው ከማርሽ ስለወጣች፣ የእጅ ፍሬኗ ስለተሳበ ነው። ኤሲውም እያቃሰተ ነው፤ ማለትም ክፍት ትቶታል። ወንድሜ ሲደብቃት እንኳ ያስተማርኩትን አንዲት አላጎደለም። ለመኪናዋ የሰጠኝን ቃል ጠብቋል፤ ይህ ደግሞ ከውሸቱ ይልቅ አቃጠለኝ።

«ቁልፉን ስጠኝ» አልኩት።

እጁ ወደ ኪሱ ሄደና እዚያው ቀረ። እናቴን አየ። እናቴ ተነስታ ቆማ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ «በዚያች መኪና እኔ አልሳፈርም፤ ከፈለግሽ ባዶዋን ንጂያት» አለች።

ቀጠሮው ያው ቀጠሮ ነው። ልቧም ያው ልብ ነው። ሻንጣውን ከወንድሜ እግር ሥር አነሳሁ። ሊቀበለኝ እጁን ሲዘረጋ ዞር አልኩበት። እናቴን በክንዷ ይዤ ወጣሁ። በመጋዘኑ አጠገብ ስናልፍ ሞተሩ ገና ይሠራ ነበር፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ የፒካፓችን ነጭ ጎን ይታየኛል። አላጠፋኋትም። ሳጥኑ ጊዜው ሲደርስ በራሱ እስኪያጠፋት ለማንም ያልሆነ ጋቢና ስታቀዘቅዝ ትቆይ ብዬ ተውኳት።

አውቶቡሱ በጊዜ አልተነሳም። መናኸሪያው ውስጥ ፀሐዩ በመስኮቱ እየገባ፣ ሰው በሰው ላይ እየተጫነ፣ ሾፌሩ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እያለ አቆየን። እናቴ መጀመሪያ ከፊት ካለችው ሴት ጋር ታወራ ነበር። ከዚያ ወሬዋ አጠረ። ከዚያ ከንፈሯ ደረቀና ደረቷን መያዝ ጀመረች። ሻሿን በውሃ ነክሬ አንገቷ ላይ አደረግሁላት። የብስኩት ካርቶን ለምኜ አራግብላት ጀመር። ስንነሳ ነፋሱ ራሱ ትኩስ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ሾፌሩ ከሩቅ ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው አየና ዝግ አለ፤ አውቶቡሱ ውስጥ ሕፃን እንኳ አልተነፈሰም። አጠገቤ ያለው ሰው ስልኩን ካልሲው ውስጥ ከተተ። እኔ እናቴን አቅፌ፣ ልብሷ በላቧ እጄ ላይ ተጣብቆ፣ አሮጊት ማን ይወስዳል የሚለውን ቃል እያሰብኩ ነበር። ሰዎቹ መኪና የሚጠብቁ የቀን ሠራተኞች ሆኑ። አለፍናቸው።

ዳገቱን ጀምረን አይከል ልንደርስ ስንል በመስኮቱ የሚገባው አየር ተለወጠ። የእናቴ ትንፋሽ ረገብ አለ። ዓይኗን ገለጠችና ራሷን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች።

«ተቀይመሽኛል» አለችኝ።

አንገቷ ላይ ያለውን ሻሽ አስተካከልኩላት።

«እሱ ሆደ ባሻ ነው፤ ያስከፉት እንደሆን ትቶኝ ይሄዳል። አባትሽ ሳለም እንዲህ ነበር። አንቺ ግን ተቆጥተሽም የትም አትሄጂብኝ። ያን አውቄ ነው ልጄ።»

ይህን ያለችኝ ልታመሰግነኝ ነው። ድምጿ ውስጥ ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም እጄን ፈልጋ ያዘች። የሚሄድ ልጅ ይፈራል፣ የማይሄድ ልጅ ይዋሻል ማለቷ መሆኑን አላወቀችውም። እኔም እሄዳለሁ፣ እኔም መሄድ እችላለሁ ልላት አፌን ከፈትኩ። ይህን ግን ከትከሻዬ ላይ ራሷን ሳላነሳ ልላት አልችልም፤ ላነሳው ደግሞ አልቻልኩም። ላቧ እንደገና ግንባሯ ላይ ችፍ ሲል ካርቶኑን አነሳሁና ማራገቤን ቀጠልኩ።